ግጥም ሰጪና ግጥም ተቀባይ፤ የትናንትና የዛሬ የዘፈን ገጣሚዎች

«የዛሬ ዘፈን ግጥም የለውም» የሚለው አነጋገር በብዙ ሰው አፍ ይገኛል። መምህሩ በዕረፍት ሰዓት፣ የመንግሥት ሠራተኛው በሻይ ቤት፣ ሽማግሌው በሠርግ ዳስ ይለዋል። ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ በምትገኘው፣ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በይጁቤም አባባሉ እንግዳ አይደለም። እንዲያውም በደጋው ጎጃም ከሌላው ቦታ ይልቅ ክብደት አለው፤ የዚህ አገር ሰው ግጥም የሚመዝነው የዲማ፣ የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ባወረሱት ሚዛን ነውና።

ይሁን እንጂ አባባሉ ሲደጋገም ይሰማል እንጂ ሲመረመር እምብዛም አይታይም። ወቃሹ ወገን «ድሮ ገጣሚ ነበረ፤ ዛሬ የለም» ይላል። ተከላካዩ ወገን ደግሞ «ዘመኑ ተለውጧል፤ ወጣቱ በራሱ ቋንቋ ይዝፈን» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ነገሩን በገጣሚው ተሰጥዖ ላይ ብቻ ስለሚያንጠለጥሉት ከእውነቱ ደጃፍ ሳይደርሱ ይቀራሉ። ተሰጥዖ በአንዱ ትውልድ ዘንቦ በሌላው የሚነጥፍ ነገር አይደለም። ቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ሌላ ጥያቄ ነው፤ አንድ ዘፈን ለአድማጭ ሲቀርብ በውስጡ አዲስ የሆነው የትኛው ነው? ግጥሙ ነው ወይስ ዜማው? የትውልዶቹ ዋና ልዩነት ያለው ለዚህ ጥያቄ በሚሰጡት መልስ ላይ ነው።

ዜማው የጋራ፣ ግጥሙ የዕለቱ

ይጁቤ የገበያ አገር ናት። በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት የባሶ ገበያ በጎጃም ከታወቁት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከዓባይ ማዶ፣ ከእናርያና ከዚያም ወዲያ ካለው አገር የሚመጣው ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ በዚሁ በኩል ወደ ሰሜን ያልፍ ነበር። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቢክ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ ላይ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። ገበያ፣ ሠርግና ድግስ ባለበት ደግሞ አዝማሪ አይታጣም።

አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ወደ ዳሱ ሲገባ፣ ይዞት የሚገባው ዜማ ለታዳሚው አዲስ አይደለም። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች የማንም የግል ንብረት አይደሉም፤ በእነሱ ላይ የሚመላለሱትንም ዜማዎች አድማጩ ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃቸዋል። አንድ የትዝታ ዜማ ሺህ ጊዜ ቢሰማ «ይህን ሰምተነዋል» ብሎ የሚቆጣ የለም። የሚጠበቀው በዜማው ላይ የሚሳፈረው ቃል ነው። ትናንት የተባለው ስንኝ ዛሬ እንዳለ ቢመለስ ግን አዝማሪው ያፍራል።

ቃሉም ከአዝማሪው ብቻ አይመጣም። ከታዳሚው መካከል አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ይነሣል፤ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። በዚያ ቤት ገጣሚና አድማጭ ተብለው የሚለዩ ሁለት ወገኖች የሉም ማለት ይቻላል። ግጥም ሰጪው ቤት ካልመታ፣ ወርቁም ከሰሙ ካልወጣ ፍርዱ እዚያው በሳቅ ወይም በዝምታ ይሰጠዋል። ግጥሙ የሠመረ እንደሆነ ደግሞ ከሰጪው አፍ ወደ አዝማሪው፣ ከአዝማሪው ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል። አራሚው፣ ሃያሲውና አሳታሚው በአንድ መደብ ላይ ተቀምጠው የሚፈርዱበት ጉባኤ ነው።

የቤተ ክህነቱ ሥርዓት ከዚህ ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል። የቅዱስ ያሬድ ዜማ በድጓ ተወስኖ የተቀመጠ ነው፤ ተማሪው ያጠናዋል እንጂ እንደ ፈቃዱ አይለውጠውም። ቅኔው ግን የዕለት ነው። ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና አንሥቶ ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ድረስ፣ የሚዘረፈው ቅኔ ለዚያ ቀንና ለዚያ በዓል የተፈጠረ መሆን አለበት፤ የሌላውን ወይም የትናንቱን መድገም ለባለቅኔው ነውር ነው። ስለሆነም በድግሱ ዳስም ሆነ በቤተ መቅደሱ አንድ ሕግ ገዝቶ ኖሯል፤ ዜማ የጋራ፣ ግጥም የዕለት። ሁለቱ ጉባኤዎች በሌላው ነገር ሁሉ ቢራራቁም በዚህ ሕግ ወንድማማች ናቸው።

ገበሬው በወንፈልና በደቦ ሲያጭድ፣ በአውድማ ላይ በሬ ሲያበራይ፣ ሴቶች በሠርግ ዋዜማ ሲዘፍኑ፣ ልጆች በቡሄ ደጅ ለደጅ ሲጨፍሩ የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። አራት በአራት ቀለም የሚቆረጠው የቡሄ በሉ ቤት፣ አምስት በአምስት የሚሄደው ሰንጎ መገን፣ ስድስት በስድስት የሚሄደው የወል ቤት ሁሉም አስቀድመው የተሠሩ ዕቃዎች ናቸው። ዘፋኙ ዕቃውን ለመፈልሰፍ ስለማይጨነቅ ጉልበቱን ሁሉ በሚሞላው ነገር ላይ ያውለዋል።

የኅብረ ቃል ጥበብ ያደገው ከዚህ የተነሣ ነው። «ዓባይ» የሚለው ቃል «ባ» ሲጠብቅ ወንዙ፣ ሲላላ ውሸተኛ ሰው ይሆናል። ከወንዙ አፋፍ ላይ ለሚኖረው የባሶ ሊበን ሰው ይህ ቃል ከእሳት የወጣ ብረት ነው፤ መቀጥቀጥ ብቻ ይቀረዋል። «ከፋ» የቡና አገር ስም ነው፤ ደግሞም ልብ ሲጎዳ ወይም ኑሮ ሲጠም የሚነገር ቃል ነው። ባሏ ከዓባይ ማዶ ለንግድ ሄዶ የቀረባት ሴት ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ልትላቸው ትችላለች፤ ሰሚው አንዱን ለጆሮው፣ አንዱን ለልቡ ይወስዳል።

ይህ ሲባል ግን የቀድሞው ግጥም ሁሉ ወርቅ ነበረ ማለት አይደለም። ለበላበት ቤት የሚሰግድ፣ ጌታን ከአንበሳ እመቤትን ከጨረቃ ጋር ብቻ እያመሳሰለ የሚውል ግጥም ያኔም ሞልቶ ነበር። ዘመን አበጠረውና ወደቀ። ለዛሬው ጆሮ የደረሰው ከወንፊቱ የተረፈው ነው። ስለዚህ ትናንትን ከዛሬ ጋር የሚያወዳድር ሰው፣ ተበጥሮ ጎተራ የገባውን እህል ገና በአውድማ ላይ ከተኛው ምርት ጋር እያወዳደረ መሆኑን መዘንጋት የለበትም።

ከዳስ ወደ አዳራሽ፣ ከአዳራሽ ወደ ሸክላ

የመጀመሪያው ታላቅ ለውጥ የመጣው ዘፈን ከዳስ ወደ አዳራሽ በገባ ጊዜ ነው። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ከጠላት ወረራ በኋላ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች ተጠናከሩ፤ ዛሬ ብሔራዊ ቲያትር የሚባለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። በእነዚህ መድረኮች ላይ ዜማ በባለሙያ መደረስ፣ በኖታ መጻፍ፣ በነሐስ መሣሪያዎች መቀናበር ጀመረ። ያን ጊዜ ዜማው ራሱ አዲስ ነገር ሆነ። አድማጩም በወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ያጨበጭባል እንጂ «ተቀበል!» አይልም።

ቃሉ ወዲያው ያልተዳከመበት ምክንያት አለ። የአዳራሹን ዘፈን ግጥም የሚጽፉት በአብዛኛው የቲያትር ሰዎች ነበሩ። እንደ ኢዮኤል ዮሐንስ ያሉ የሀገር ፍቅር ሰዎች ተውኔት ይደርሱ ነበር፤ ለዘፈንም ግጥም ይሰጡ ነበር። ተውኔት ጸሐፊ ግጥም ሲጽፍ ተናጋሪው ማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚናገር፣ ምን ደርሶበት እንደሚናገር ያውቃል። በዚህም የተነሣ የዚያ ዘመን ጥሩ ዘፈን ትንሽ ትዕይንት ነው፤ ባለታሪክ አለው፣ ቦታ አለው፣ የሆነ ነገር አለው። በ1955 ዓ.ም. ማሲንቆን፣ ክራርን፣ ዋሽንትንና በገናን በአንድ መድረክ ባሰባሰበው በኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ያገለገለው ተስፋዬ ለማም የዜማም የግጥምም ሰው ስለነበር ሁለቱ በአንድ ራስ ውስጥ ይመካከሩ ነበር።

ሁለተኛው ለውጥ የመጣው ከመሣሪያ ነው። አምኃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. የግል የሸክላ ኅትመት በጀመረ ጊዜ ዘፈን የሚሸጥ ዕቃ ሆነ። በትንሹ ሸክላ አንድ ፊት ላይ የሚሠፍረው ዘፈን ከሦስትና ከአራት ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። አዝማሪ ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው ያድር የነበረው የስንኝ ጎርፍ በዚህ ልክ ተቆረጠ። የመግቢያው ሙዚቃና በመካከል የሚነፋው ሳክስፎን ድርሻቸውን ሲወስዱ ለቃል የሚተርፈው ሁለት ወይም ሦስት አርኬና አንድ አዝማች ነው። አዝማቹ መደጋገም ስላለበት ለጆሮ የሚቀል መሆን ነበረበት። የግጥሙ ማጠር የገጣሚው ስንፍና ያመጣው አልነበረም፤ ዕቃው ይዘቱን ቆረጠው።

ይህን ዘመን ብዙዎች ወርቃማ ይሉታል። የዘመኑ ሸክላዎች በፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት «ኤትዮፒክስ» በሚል ስም ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በውጭ አገር እንደገና ሲታተሙ ዝናቸው ዓለምን አዳረሰ። ነገር ግን ልብ ሊባል የሚገባው ነጥብ አለ። በፓሪስም ሆነ በኒው ዮርክ የሚኖረው አድማጭ አማርኛ አያውቅም፤ የወደደው ዜማውን፣ ቅኝቱንና የነሐሱን ድምፅ ነው። አገር ውስጥም «ወርቃማ» የሚለው ቃል ሲነገር በብዙ ሰው ጆሮ የሚያቃጭለው ያው ሳክስፎን ነው። እንግዲህ የትናንቱ ዘፈን የሚሞገስበት ምክንያት በከፊል ዜማው ከሆነ፣ የዛሬው በግጥሙ ብቻ መወቀሱ ሚዛኑን ያዛባዋል። ሁለቱ በአንድ መስፈሪያ መሰፈር አለባቸው።

የካሴቱ ዘመን

ካሴት ሸክላን እየተካ የሄደው በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ ነው። በአንድ ካሴት ላይ ዐሥር ያህል ዘፈን ይሠፍራል፤ ስለዚህ አንድ ድምፃዊ አንድ ሥራ ለማውጣት ዐሥር ዜማና ዐሥር ግጥም ያስፈልገዋል። ይህ ፍላጎት በአገራችን የዘፈን ግጥምን ራሱን የቻለ ሙያ አደረገው። ይልማ ገብረ አብ፣ ዓለምፀሐይ ወዳጆና ሙሉጌታ ተስፋዬ በዚህ ሙያ ስማቸው ከታወቀው መካከል ናቸው። ዜማውን እንደ አበበ መለሰ ያሉ ደራስያን ይሠሩታል፤ ግጥሙን እነዚህ ይጽፉታል፤ የሁሉም ስም በካሴቱ ሽፋን ላይ ይታተማል። በጎጃም ተወልዶ በአዲስ አበባ ያደገውና በ2016 ዓ.ም. ያረፈው ሙሉቀን መለሰ ብዙ አድማጭ ካፈራባቸው ሥራዎቹ ጀርባ የዓለምፀሐይ ወዳጆ ግጥሞች ይገኛሉ።

የእነዚህ ገጣሚዎች ጥንካሬ ከየት መጣ ቢባል መልሱ ከዘፈን ውጭ የነበራቸው ሕይወት ነው። ዓለምፀሐይ የመድረክ ሰው ናት፤ ተዋናይት፣ ተውኔት ጸሐፊና ባለቅኔ። ሙሉጌታ ተስፋዬ «የባለቅኔ ምህላ» በሚለው መድበሉ እንደሚታየው ግጥሙ ያለ ዜማ በገጽ ላይ መቆም የሚችል ሰው ነበር። ዜማው ቢነሣ ግጥሙ አይወድቅም። የዘፈን ግጥም ፈተናም ይኸው ነው። በዜማ ጉንጭ ውስጥ ብቻ የሚጣፍጥ፣ ሲነበብ ግን አፈር የሚሆን ግጥም ከዜማው የተበደረውን ዕዳ ይዞ ይኖራል።

በዚያው ዘመን በየክፍለ ሀገሩ የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው ነበር። የጎጃሙ ግሽ ዓባይ፣ የጎንደሩ ፋሲለደስ፣ የወሎው ላሊበላ ብዙ ድምፃውያንን አውጥተዋል፤ የገጠሩንም ዘፈንና ጭፈራ ወደ መድረክ አምጥተዋል። ይህ ታላቅ ውለታ ነው። ግጥሙን በተመለከተ ግን ውጤቱ ሁለት መልክ ነበረው። ከሕዝቡ የተሰበሰበው ስንኝ እስከ ዛሬ ይዘፈናል፤ ለዘመቻና ለበዓል በትእዛዝ የተጻፈው መፈክር ግን ከበዓሉ ሰንደቅ ጋር ተጠቅልሎ ተቀምጧል። መፈክሩ የወደቀው ስለ ሕዝብ በመናገሩ አልነበረም፤ ሕዝቡ ራሱ የተናገረበት ስንኝም ስለ ሕዝብ ይናገራልና። የወደቀው ከአድማጩ ምንም ስላልጠየቀ ነው። ሁሉን ራሱ ጨርሶ ተናግሮታል፤ ሰሚው የሚፈታው ሰም፣ የሚያወጣው ወርቅ አልተውለትም።

የካሴቱ ዘመን የራሱ ድካምም ነበረው። ዐሥር ዘፈን መሙላት ግዴታ ሲሆን ከዐሥሩ ስድስቱ ስለ አንዲት ሴት ዓይን፣ ስለ ጥርሷ፣ ስለ አንገቷና ስለ ጸጉሯ የሚዘረዝሩ ሆኑ። ሴቲቱ ራሷ ምን እንደምታስብ የሚናገር ስንኝ ለማግኘት ብዙ ካሴት ማገላበጥ ያስፈልጋል። የዛሬውን ገጣሚ በተመሳሳይ ቃላት መመላለስ የሚከሰው ሽማግሌ ይህን የወጣትነት ዘመኑን ክምችት ቢያስታውስ ፍርዱን በመጠኑ ያለዝበዋል።

የዛሬው ገጣሚ

ዛሬ ካሴት የለም፤ ሲዲም ከገበያ እየወጣ ነው። ዘፈን በብዛት የሚወጣው በነጠላ ዜማ መልክ በዩቲዩብ ነው። ሥራውም ቅደም ተከተሉን ለውጧል። ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚዘጋጀው የቅንብሩ ምት ነው፤ ቀጥሎ ዜማው ያለ ቃል በማንጎራጎር ይቀረጻል፤ ገጣሚው የሚጠራው በመጨረሻ ነው። የሚሰጠውም ዕቃ ከአዝማሪው ዕቃ ይለያል። አዝማሪው የተቀበለው የወል ቤት ወይም ሰንጎ መገን ለአማርኛ ቃል ተብሎ፣ በአማርኛ አፍ ተሞርዶ የተሠራ ነበር። የዛሬው ገጣሚ የሚቀበለው ዜማ ግን ቀለሙ አንድ ቦታ ሦስት፣ አንድ ቦታ ዐሥራ አንድ ሊሆን ይችላል። ገጣሚው ቀዳዳ እንደሚደፍን አናጢ በየክፍተቱ ቃል ይሰካል። ቃል ሲያጣ «ነይ ነይ»፣ «ወይ ወይ» ይሰካል። የድሮው ሕግ ተገልብጧል ማለት ነው፤ ዛሬ ዜማው የዕለት፣ ግጥሙ የጋራ ሆኗል። ማንም የሚያውቀው፣ ከማንም ሊወሰድ የሚችል፣ በሌላ ቢተካ የማይታወቅ ቃል በአዲስ ዜማ ላይ ይቀመጣል።

የዚህን ጉዳት በግልጽ የሚያሳየው የመጥበቅና የመላላት ነገር ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት ነው። «ይመታል» አንዱን መቺ፣ አንዱን ተመቺ ያደርጋል። የቀድሞው ግጥም ሰጪ ይህን የቋንቋ ጠባይ እያወቀ ይጫወትበት ነበር፤ የኅብረ ቃሉ ግማሽ ጥበብ ከዚህ የሚመነጭ ነው። ለምት ብቻ የተሰካ ቃል ግን ዜማው ሲጎትተው የሚጠብቀው ይላላል፣ የሚላላው ይጠብቃል፤ «ይመታል» የተባለው ጀግና ሳያስበው ተደብድቦ ይወጣል። ያው የቋንቋ ጠባይ ለአንዱ መሣሪያ፣ ለሌላው ወጥመድ ሆነ። በክፍል ውስጥ መጥበቅና መላላትን በደንብነት የሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም።

ሆኖም ይህ የዘመኑ ሁሉ መልክ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ከዚሁ ዘመን የሚጠቀሱ ጠንካራ ገጣሚዎች አሉ፤ አንድ የሚያመሳስላቸው ነገርም አለ። በቻግኒ የተወለደችው እጅጋየሁ ሽባባው፣ ቴዎድሮስ ካሳሁን፣ ዘሪቱ ከበደና ሮፍናን የሚታወቁት የራሳቸውን ግጥም ራሳቸው በመጻፍ ነው። በእነሱ ሥራ ውስጥ ዜማና ቃል አይገበያዩም፤ አብረው ይወለዳሉ። በዚህ ረገድ ዘመናውያን የተባሉት እነዚህ ሰዎች ከአዳራሹ ዘመን ይልቅ ለአዝማሪው ይቀርባሉ።

እጅጋየሁ በ1993 ዓ.ም. በወጣው ሥራዋ ስለ ዓባይ ስትዘፍን ወንዙን ታናግረዋለች፤ አያቶቿ ሲያናግሩት እንደኖሩት። ስለ ዓድዋ በዘፈነችው ደግሞ ጀግኖቹን በማዕረግ ከመዘርዘር ይልቅ በእነሱ ሞት ዛሬ ቆሞ የሚሄደውን ሰው አስቀድማ ታነሣለች። መፈክር ሊሆን ይችል የነበረው ርእስ በዚህ የእይታ ለውጥ ግጥም ሆነ። ዘሪቱ ከበደ በ1997 ዓ.ም. በመጀመሪያ አልበሟ ያመጣችው ሌላ ነገር ነው፤ በቀድሞው ዘፈን ስትዘረዘር የኖረችው ሴት በዚያ ውስጥ ራሷ ተናጋሪ ሆናለች። ቋንቋዋ ቅኔ የለውም፤ በየቤቱ የሚነገር ተራ አማርኛ ነው። በቅኔ ቤት ሚዛን የሚመዝን ሰው ይህን ባዶ ሊለው ይችላል። ነገር ግን ግልጽ ቃል በትክክለኛው ቦታ ሲቀመጥ የራሱ ክብደት እንዳለው አልቃሾች በሙሾ አስተምረዋል። ሮፍናን በበኩሉ በ2010 ዓ.ም. በወጣው «ነጸብራቅ» የኤሌክትሮኒክስ ምትን ከገጠር ድምፅ ጋር ሲያጋጥም ቃሉን ለምቱ አላስገበረውም።

ከሁሉም በላይ ግን ለጎጃም አንባቢ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ቴዎድሮስ ካሳሁን በ2009 ዓ.ም. «ኢትዮጵያ» በተባለው አልበሙ ያቀረበው «ማር እስከ ጧፍ» ነው። ዘፈኑ የተመሠረተው በእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በጎጃም ቅኔ ቤቶች ተምረው ባደጉት በሀዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታትሞ የወጣ ነው። የዘፈኑን ርእስ ብቻ መመርመር ይበቃል። ማርና ሰም ከአንድ ቀፎ ይወጣሉ። ማሩ ይበላል፤ ሰሙ ቀርቶ ጧፍ ይሆናል፤ ጧፍም በቤተ ክርስቲያን ራሱን እያቀለጠ ያበራል። በልቦለዱ ውስጥ የበዛብህና የሰብለ ፍቅር ያለፈበት መንገድ ይኸው ነው፤ በወጣትነት ጣፋጭነት ተጀምሮ በምንኩስናና በአንድ መቃብር ይፈጸማል። «ሰምና ወርቅ» የሚለውን የቅኔ ስም ባይጠራም ሰሙን በእጁ ይዞ ያሳያል። ይህን የሚያገኘው ግን መጽሐፉን ያነበበ፣ ጧፍ ከምን እንደሚሠራ የሚያውቅ አድማጭ ነው። ገጣሚው ግማሹን ሰጥቶ ግማሹን ከአድማጩ ይጠብቃል። «ተቀበል!» የሚለው ጥሪ እዚህ ላይ አቅጣጫውን ለውጦ ከመድረኩ ወደ ሰሚው ተመልሷል።

የዘፈን ግጥም ሥነ ጽሑፍ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ክርክር በሌላው ዓለምም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ለአሜሪካዊው ዘፋኝ ለቦብ ዲላን ሲሰጥ ብዙ ደራስያን ተቆጥተው ነበር። ቅኔ በዜማ በሚባልበት፣ ግጥም በማሲንቆ በሚወርድበት አገር ይህ ክርክር ሊያስገርም ይገባል። በጎጃም የሥነ ጽሑፍና የዜማ አጥር መቼ ታጠረና!

ሆኖም ለራሱ የሚጽፍ ዘፋኝ አንድ አደጋ አለበት። አዝማሪው የዳሱ ፍርድ ነበረበት፤ የአዳራሹ ገጣሚ የቲያትር ቤቱ ባልደረቦችና የበላይ መርማሪዎች ነበሩበት፤ የካሴቱ ገጣሚ ከዜማ ደራሲውና ከድምፃዊው ጋር ይከራከር ነበር። የዛሬው ሰው ብቻውን ጽፎ፣ ብቻውን ዘፍኖ፣ ብቻውን ይለቅቃል። የሚያገኘው ፍርድ የተመልካች ቁጥር ነው። ቁጥር ደግሞ ስንት ሰው እንዳየ ይናገራል እንጂ የትኛው ስንኝ እንደሰነከለ አይናገርም።

«ግጥም፦ የሕዝብ»

ለይጁቤና እሷን ለመሰሉ ከተሞች ከዚህ ሁሉ የሚብስ ጉዳይ አለ። በብዙ የባህል ዘፈኖች ሽፋን ላይ «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል ቃል ይነበባል። አጻጻፉ ትሑት ይመስላል። ግን የየትኛው ሕዝብ? የየትኛው ቀበሌ፣ የየትኛው አውድማ? በዓባይ አፋፍ ላይ አንዲት ሴት በእህል ወቀጣ ላይ ያፈለቀችው ስንኝ በአዲስ አበባ ስቱዲዮ ተቀናብሮ ሲመለስ፣ በራሷ መንደር የልጅ ልጇ እንደ ከተማ ዘፈን ይማረዋል። የአገሩ ልጅ የአያቱን ቃል ከስልክ ይቀበላል፤ ከየት እንደወጣ የሚነግረው የለም።

ሕግ ስም ያለውን ደራሲ ያውቃል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ድርሰት ባለቤትነት ደንግጎ ነበር፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ለገጣሚና ለዜማ ደራሲ መብታቸውን በግልጽ ሰጥቷል። ለብዙ ዘመን ግጥሙን አንድ ጊዜ ሸጦ ይለያይ ለነበረው ባለሙያ ይህ ታላቅ እርምጃ ነው። ስሟ ያልተጻፈው የይጁቤ ግጥም ሰጪ ግን በየትኛውም መዝገብ ላይ የለችም። እሷ ስትረሳ የሚጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም። ከአፍ ወደ አፍ የሚሄደው ስንኝ ዘር ነው፤ የዛሬው ገጣሚ ባዶ ቃል የሚሰካው ከዚህ ጎተራ ስለራቀ ነው። ወንፈል በማጭድ ሞተር ሲተካ፣ ድግሱ በድምፅ ማጉያ ሲሞላ፣ ግጥም ሰጪ የሚቆምበት ቦታ ይጠብባል። ዳሱ ውስጥ «ተቀበል!» የሚል ሰው ሲጠፋ አዝማሪውም የተሸመደደ ስንኝ ይዞ መዞር ይጀምራል።

ስለዚህ ወቀሳውን ወደ ሥራ መለወጥ ይቻላል፤ ሥራውም ከባድ አይደለም። የቋንቋ መምህር ተማሪዎቹን ከየቤታቸው አንድ አንድ የአውድማ፣ የሠርግ ወይም የሙሾ ስንኝ እንዲያመጡ፣ የሰጪውን ስም፣ የቀበሌውን ስምና የሚዘፈንበትን ጊዜ አብረው እንዲጽፉ ቢያደርግ በአንድ ዓመት የወረዳው መዝገብ ይዘጋጃል። የባህል ዘፈን የሚሠራ ሰው «የሕዝብ» ከማለት «ከባሶ ሊበን» ቢል የሚከፍለው አንድ ቃል ነው። ዜማ ደራሲው ገጣሚውን በመጨረሻ ከሚጠራው በመጀመሪያ ቢያስቀምጠው ቅንብሩ አይጎዳም። ሃያስያንም ልቦለድና ተውኔት እንደሚመረምሩ ሁሉ የዘፈንን ግጥም ስንኝ በስንኝ፣ ጥብቀቱንና ልላቱን ሳይቀር ቢመረምሩ፣ ከዳሱ የጠፋው ፍርድ በገጽ ላይ ተመልሶ ቦታውን ያገኛል።

የትናንቱ ገጣሚ ከዛሬው የበለጠ የነበረው ነገር ቢኖር የሚሰማው ሰው ነው፤ ስንኝ ሲወለድ የሚያውቅ፣ ሲሰነክል የሚስቅ፣ ሲሠምር ተቀብሎ የሚያሻግር ሰሚ። ያን ሰሚ እንደገና ማፍራት የዘፋኙ ብቻ ሥራ ሊሆን አይችልም። የመምህሩ፣ የባህል ሠራተኛውና የከያኒው የጋራ ሥራ ነው።